ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ዕድሜው ስንት ነው?

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ፋብሪካ ገብታችሁ ኦፕሬተሩ ፊት ያለውን ስክሪን አያችሁ እንበል። የሙቅ ውኃ ታንከሩ «72 ዲግሪ» ላይ ነው ይላል። ይህ 72 መቼ የተለካ ነው? አሁን? ከአንድ ሴኮንድ በፊት? ወይስ ሌሊት መብራት ብልጭ ብሎ ሲመለስ እዚያው ደርቆ የቀረ ነው? ቁጥሩ ራሱ አይናገርም። ትኩሱም የቆየውም ቀለሙ አንድ ነው፣ መጠኑም አንድ ነው። በብሮውዘር የሚከፈቱ የኦፕሬተር ስክሪኖች ሲበላሹ ብዙ ሰው «ገጹ አልከፈት አለ» የሚለውን እንደ ዋና ችግር ያየዋል። እኔ ግን አልከፈት ያለ ገጽ ብዙም አያስፈራኝም፤ ቢያንስ መሞቱን ይናገራል። የሚያስፈራኝ ተከፍቶ፣ አምሮ፣ ቁጥሩን ደርድሮ የቆመው ነው።

ለነገሩ አዲስ ለሆናችሁ በአጭሩ ላስተዋውቃችሁ። ፓምፑን የሚያስነሳው፣ ቫልቩን የሚዘጋው፣ ሞተሩ ሲግል የሚያቆመው ትንሽ ኮምፒውተር ፒኤልሲ ይባላል። እሱ ከመምጣቱ በፊት ይህን ሁሉ የሚሠሩት ግድግዳ ሙሉ ሪሌዎች ነበሩ፤ የምርት ዓይነት በተቀየረ ቁጥር ሽቦ እየነቀሉ እንደገና ማሰር ግድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1968 ጄኔራል ሞተርስ ከዚህ የሚገላግለው መሣሪያ ሲፈልግ፣ ዲክ ሞርሊ የተባለው መሐንዲስና ባልደረቦቹ ሞዲኮን 084ን ይዘው ብቅ አሉ። 084 የተባለውም የድርጅታቸው 84ኛ ፕሮጀክት ስለነበረ ነው። ኦፕሬተሩ ያኔ የሚያየው አምፖልና ቁልፍ ነበር። በኋላ የራሱ ሶፍትዌር የተጫነበት ፓነል መጣ። አሁን ደግሞ ፒኤልሲው ራሱ ወይም አጠገቡ ያለ ኮምፒውተር ዌብ ሰርቨር ሆኖ ገጽ ያቀርባል፤ እናንተም በታብሌት፣ በላፕቶፕ፣ በስልክ ትከፍቱታላችሁ። ምንም መጫን አያስፈልግም።

ምቾቱ ግን በነፃ አልመጣም፤ ከታንከሩ እስከ ዓይናችሁ ያለው መንገድ ረዘመ። ታንከሩ ውስጥ ያለው ሴንሰር ሙቀቱን ከ4 እስከ 20 ሚሊ አምፒር ወደሆነ ጅረት ይለውጠዋል። የፒኤልሲው ካርድ ጅረቱን ወደ ቁጥር፣ ፕሮግራሙ ቁጥሩን ወደ ዲግሪ ይቀይራል። ዌብ ሰርቨሩ ዲግሪውን አንስቶ በኬብል፣ በስዊች፣ አንዳንዴም በዋይፋይ ይልከዋል። ብሮውዘሩ ይስለዋል። ከእነዚህ ውስጥ አንዳቸው ቢያምፁ ለኦፕሬተሩ የሚታየው ያው «ስክሪኑ ተበላሸ» ነው።

ስለዚህ «ስክሪኑ ተበላሸ» ሲባል እጃችሁ ወደ ኪቦርዱ አይሩጥ። መጀመሪያ ማሽኑ ጋ ሂዱ። ታንከሩ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዞር መርፌ ያለው መለኪያ አለ፤ እሱና ስክሪኑ ይስማማሉ? ቀጥሎ ሌላ ስክሪን ፈልጉ፤ ስልካችሁም ቢሆን ይበቃል። አንዱ እየሠራ ሌላው ካልሠራ ችግሩ ብሮውዘሩ ወይም የእሱ ኬብል ነው። ሁለቱም እኩል ከሞቱ ወደ ሰርቨሩና ወደ ፒኤልሲው ውረዱ። ሌላው ሁሉ ልክ ሆኖ አንዲት ቁጥር ብቻ ከከዳች ኔትወርኩን ተዉት፤ ጉዳዩ የሴንሰሩ ወይም ገጹ ቁጥሩን ከፒኤልሲው የሚያነብበት አድራሻ ነው። እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ደቂቃ አይፈጁም፤ ግን የሚመረመረውን ነገር በግማሽ ይቀንሱታል።

ገጹ ጭራሽ የማይከፈተው ቀላሉ ነው ብያለሁ፤ ቶሎ ልለፈው። ኬብሉ የተሰካበት ቀዳዳ ላይ ያለችው አረንጓዴ መብራት ትበራለች? ላፕቶፓችሁ ያለው አይፒ አድራሻ በ169.254 የሚጀምር ከሆነ አድራሻ የሚሰጠው አላገኘም ማለት ነው፤ ከፒኤልሲው ጋር በሚገጥም ቁጥር እናንተው ሙሉለት። ዋይፋዩን ለጊዜው አጥፉት፤ የቢሮውና የማሽኑ ኔትወርክ ሁለቱም 192.168.1 ሲሆኑ ላፕቶፑ በየትኛው በኩል እንደሚወጣ ግራ ይገባዋል። ፒንግ አድርጉ፤ አድራሻውን «አለህ?» ብሎ መጠየቅ ነው። መልስ እያለ ገጹ እምቢ ካለ መሣሪያው በሕይወት አለ፣ በሩ፣ ማለትም ፖርቱ፣ ግን ሌላ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ከስክሪን መሥሪያ ሶፍትዌሮች የኮዴሲስ ዌብቪዙ በተለመደው አሠራሩ በ8080 ፖርት፣ ኢግኒሽን ደግሞ በ8088 ነው የሚገኘው፤ ቁጥሩን ሳይጽፉ አይፒውን ብቻ አስገብቶ «አይሠራም» ማለት በጣም የተለመደ ነው። አንዴ እየሠራ አንዴ እየጠፋ የሚያስቸግር ከሆነ ደግሞ ሁለት መሣሪያዎች አንድ አይፒ ተካፍለው እንደሆነ ጠርጥሩ። ፒኤልሲውን ከኔትወርኩ ነቅላችሁ ያንኑ አድራሻ ፒንግ አድርጉት፤ ከመለሰ ሌላ ባለቤት አለው።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልውሰዳችሁ፤ ቀን።

ዛሬ ብዙዎቹ ስክሪኖች የሚከፈቱት በኤችቲቲፒኤስ ነው። ሰርቨሩ ሰርተፊኬት ያሳያል፤ ሰርተፊኬቱ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው፤ ብሮውዘሩም ይህን ቀን የሚያመሳክረው ከራሱ ኮምፒውተር ሰዓት ጋር ነው። እንግዲህ አስቡት። አገራችን ውስጥ አንድ የኦፕሬተር ኮምፒውተር ባትሪው አልቆ ቀኑ ይጠፋበታል። ኦፕሬተሩ ቀና ሰው ነው፤ ግድግዳው ላይ ያለውን የእኛን ካላንደር አይቶ «2017» ብሎ ይሞላል። የኮምፒውተሩ ዓመት ግን እ.ኤ.አ. 2025 መሆን ነበረበት። ሰርተፊኬቱ የተሰጠው በ2024 ነው። ለብሮውዘሩ ይህ ገና ያልተወለደ ሰርተፊኬት ነው፤ ክሮምም ገጹን ዘግቶ ሰዓታችሁ ወደኋላ ቀርቷል የሚል ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ኔትወርኩ ሰላም ነው፣ ፒኤልሲው ሰላም ነው፣ ፒንጉ ይመልሳል፤ ሰው ግን ኬብል ሲቀያይር ይውላል። ተቃራኒውም አለ። ሊኑክስ ላይ የተሠሩ ብዙ መሣሪያዎች ሰዓታቸው ሲጠፋ ወደ ጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ይመለሳሉ። በዚያ ሰዓት ላይ ሆነው ለራሳቸው የአንድ ዓመት ሰርተፊኬት ካወጡ፣ ሰርተፊኬቱ ያበቃው በ1971 ነው።

ቀኑ ከተስተካከለ በኋላም ሰዓቱ ሌላ ወጥመድ አለው። የጠዋቱ ሺፍት መዝገብ ላይ በእጅ የተጻፈ «ከጠዋቱ 3 ሰዓት ፓምፕ 2 ቆመ» የሚል ታገኛላችሁ። የስክሪኑ የአላርም ዝርዝር 09:00 ይላል። ከፒኤልሲው የወረደው ፋይል ደግሞ 06:00 ይላል፤ ፒኤልሲዎች ብዙ ጊዜ የሚይዙት የዓለም አቀፉን ሰዓት ስለሆነ ነው፣ እኛ ከእሱ በ3 ሰዓት እንቀድማለን። ሦስቱም እውነት ነው የሚናገሩት፤ የቆመው አንድ ፓምፕ፣ የቆመውም አንዴ ነው። ይህን ያልጠረጠረ ሰው ሦስት ብልሽት ቆጥሮ ሪፖርት ይጽፋል። መዝገቡ አናት ላይ «በእኛ ሰዓት» ብሎ መጻፍ ብቻ ስንት ክርክር እንደሚያስቀር!

ሌላው የሞት ዓይነት ከውጭ የሚመጣ ነው። ማሽኑ 20 ዓመት ይኖራል፤ ብሮውዘር ግን በየወሩ ይታደሳል። ከዓመታት በፊት የተሠሩ ስክሪኖች የሚስሉት በጃቫ አፕሌት ወይም በፍላሽ ነበር። ክሮም አፕሌት የሚያስኬደውን በር እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2015 በ45ኛው ዕትሙ ጨርሶ ዘጋው። ፋየርፎክስ በ2017 ተከተለ። ፍላሽ በ2020 መጨረሻ ጡረታ ወጣ፤ ከጃንዋሪ 12 ቀን 2021 ጀምሮም ፕሮግራሙ ራሱ ይዘት ማሳየት አቆመ። በዚያው ሰሞን በቻይና ዳሊያን ከተማ አንድ የባቡር ዴፖ የሥራ ገጾቹ በፍላሽ የተሠሩ ስለነበሩ ስክሪኖቹ ባዶ ቀሩበት፤ ቴክኒሻኖቹ የቆየ የፍላሽ ቅጂ ፈልገው እስኪጭኑ ድረስ ተሯሯጡ። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 11ም በጁን 2022 ተሰናበተ። ስለዚህ «ትናንት ይሠራ ነበር፣ ማንም አልነካውም» የሚል ኦፕሬተር ስታገኙ እመኑት። እሱ አልነካውም፤ ሌሊት የነካው የዊንዶውስ አፕዴት ነው። ማይክሮሶፍት ኤጅ ውስጥ ያለው የኤክስፕሎረር ሞድ ለኤክስፕሎረር የተሠራን ገጽ ለጊዜው ያድናል፤ ፈውስ ግን አይደለም፤ ገጹ በኤችቲኤምኤል 5 እንደገና መሠራት አለበት።

ብሮውዘሩ የገጹን የቆየ ቅጂ ለሚያስቀምጥበት ለካሽ ብዙ ቦታ አልሰጠውም። ፕሮግራመሩ አዲስ ፕሮጀክት ጭኖ ሄዶ እናንተ ግን አሮጌውን ቁልፍ የምታዩ ከሆነ ኮንትሮልን ይዛችሁ ኤፍ5ን ተጫኑ፣ ወይም ገጹን በኢንኮግኒቶ ክፈቱት።

እንግዲህ ወደ ደረቀው ቁጥር እንመለስ፤ ዋናው ነገር እሱ ነው።

ዘመናዊ ስክሪን ገጹን የሚያወርደው አንዴ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ቁጥሮቹ የሚመጡት ብዙ ጊዜ ዌብሶኬት በሚባል ክፍት ሆኖ በሚቆይ መስመር ነው፣ ወይም ገጹ በየሴኮንዱ «አዲስ ነገር አለ?» እያለ ይጠይቃል። መስመሩ ሲቆረጥ ገጹ አይጠፋም፤ ለምን ይጠፋል? ወርዶ አልቋል። ጥሩ አድርጎ የተሠራ ስክሪን መስመሩ ሲቆረጥ ቁጥሮቹን አመድማ ያደርጋል፣ ወይም በቦታቸው ሰረዝ ያሳያል። በግዴለሽነት የተሠራው ግን የመጨረሻዋን 72 ይዞ ይቀመጣል። ታንከሩ 95 ሊደርስ ይችላል፤ ስክሪኑ 72 ነው።

ይህን በዓይናችሁ ማየት ትችላላችሁ፤ ለዚህ ነው ነገሩን የምወደው። ገጹን ክፈቱና ኤፍ12ን ተጫኑ። ከጎን ወይም ከታች የሚወጣው ሳጥን ውስጥ «ኔትወርክ» የሚለውን ምረጡና ገጹን ሪፍሬሽ አድርጉት። ብሮውዘሩ የጠየቀው ነገር ሁሉ ከነመልሱ ይደረደራል። 200 ካለ ሰላም ነው። 404 ካለ የተጠየቀው ፋይል እዚያ የለም። 401 ማንነትህን ንገረኝ ነው፤ 403 ደግሞ ቢነግሩትም አላስገባም ይላል። 503 ከሆነ ሰርቨሩ አለ፣ ግን አሁን አልችልም እያለ ነው። ከዚያ የዌብሶኬቱን መስመር ነክታችሁ «ሜሴጅስ» የሚለውን ክፈቱ። ጤነኛ ስክሪን ላይ መልእክቶቹ ሲንጠባጠቡ ታያላችሁ፣ አጠገባቸውም የደረሱበት ሰዓት አለ። የመጨረሻው መልእክት ከ10 ደቂቃ በፊት የገባ ከሆነ የቁጥራችሁ ዕድሜ 10 ደቂቃ ነው። ለመጀመሪያ ጥያቄያችን በቀጥታ የሚመልስ ቦታ ይኸው፤ ደግሞ እያንዳንዱ ላፕቶፕ ላይ አለ!

መድረቅ ሁልጊዜ ብልሽት ነው ማለት አይደለም። ባትሪ ለመቆጠብ ሲባል ክሮም ከ88ኛው ዕትሙ ጀምሮ፣ ማለትም ከጃንዋሪ 2021 ወዲህ፣ ከ5 ደቂቃ በላይ ተደብቆ የቆየ ገጽ ውስጥ ያሉ ሰዓት ቆጣሪዎችን በደቂቃ አንዴ ብቻ ሊቀሰቅሳቸው ይችላል። ኦፕሬተሩ ሌላ ገጽ ከፍቶ ሪፖርት ሲሞላ ቆይቶ ሲመለስ፣ በየሴኮንዱ ይጠይቅ የነበረው ስክሪን በየደቂቃው ብቻ ሲጠይቅ ቆይቷል፤ ግራፉ በስተመጨረሻው እንደ ደረጃ ተሰባብሮ ይገኛል። ታብሌት ስክሪኑን ሲያጠፋም እንዲሁ ነው። ሰው ሴንሰሩን ይጠረጥራል፤ ሴንሰሩ ምንም አላደረገም።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ የልብ ምት። ፒኤልሲው በየሴኮንዱ አንድ የሚጨምር ቁጥር ያዘጋጃል፣ ገጹ ያሳየዋል፤ ለ5 ሴኮንድ ካልተለወጠ ስክሪኑ በሙሉ እንዲደበዝዝ ይደረጋል። ስክሪኑ ጥግ ላይ ብዙ ጊዜ የምታዩት ሰዓት ግን የልብ ምት አይደለም፤ ልብ በሉ። እሱን የሚያስኬደው ታብሌቱ ራሱ ነው፤ ፒኤልሲው ተነቅሎ መጋዘን ቢገባ እንኳ ሰዓቱ መቁጠሩን አይተውም። ምቱ ከፒኤልሲው መምጣት አለበት። ያም ሆኖ በቂ ያልሆነበት ጊዜ አለ። ሴንሰሩ በሌላ መሣሪያ በኩል፣ መሣሪያዎች ቁጥር በሚለዋወጡበት በሞድባስ ቋንቋ የሚነበብ ከሆነና ያ መስመር ከተቋረጠ፣ ፒኤልሲው በሕይወት እያለ፣ ልቡም እየመታ፣ የመጨረሻዋን ንባብ ይዞ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ በዚህ መንገድ የሚመጣ ቁጥር ሁሉ «ንባቡ ተሳክቷል» የሚል የራሱ ምልክት ይኑረው።

የደረቀ ሳይሆን የተሳሳተ ቁጥር ካያችሁስ? ያ ብዙ ጊዜ ምክንያቱን ራሱ ይናገራል። ከ0 እስከ 100 ዲግሪ የሚለካ ሴንሰር 0ን በ4 ሚሊ አምፒር፣ 100ን በ20 ይገልጻል። ሽቦው ሲበጠስ ጅረቱ 0 ይሆናል። ከ0 ላይ 4 ስትቀንሱ፣ ለ16 ስታካፍሉ፣ በ100 ስታበዙ -25 ይመጣል። አዲስ አበባ ውስጥ ያለ የሙቅ ውኃ ታንከር ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ነው የሚል ስክሪን ካያችሁ ብሮውዘሩ አልተሳሳተም፣ ሽቦው ተበጥሷል። ከ0 ሳይሆን ከ4 መጀመሩም ለዚህ ይጠቅማል፤ የተበጠሰ ሽቦና እውነተኛ ዜሮ እንዳይምታቱ። ሌላው ተንኮለኛ የሞድባስ ነው። ሞድባስ ቁጥር የሚልከው በ16 ቢት ቁራጭ ስለሆነ 25.0ን የመሰለ ነጥብ ያለው ቁጥር በሁለት ይከፈላል፤ 16840 እና 0 ይሆናል። ተቀባዩ ቅደም ተከተሉን ገልብጦ ከገጠማቸው የሚያገኘው ከነጥብ በኋላ 40 ዜሮ ተደርድሮ የሚመጣ ኢምንት ነው፤ ስክሪኑም «0.00» ብሎ ዝም። ሙቀቱ በእጅ እየተነካ ስክሪኑ 0.00 ካለ ሴንሰር ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ቅደም ተከተል ገልብጣችሁ ሞክሩ።

ስክሪኑ ይሠራል ግን ይንቀራፈፋል የሚል ስሞታም አለ። ፒኤልሲ ምጣድ ላይ እንጀራ ጥዳ እንግዳ እንደምታጫውት ሴት ነው፤ ወሬው ይቆያል እንጂ እንጀራው አያርርም። ፕሮግራሙን በየዙሩ ሳይዘገይ መጨረስ ግዴታው ነው፤ ገጽ ማቅረብ በተረፈው ጊዜ ነው። ፕሮግራሙ ሲከብድ ወይም ሰው ሲበዛ መጀመሪያ የሚጎዳው ስክሪኑ ነው፤ እንደዚያም መሆን አለበት። ትንንሽ ፒኤልሲዎች በአንዴ የሚያስተናግዱት ብሮውዘርም ጥቂት ነው። ሥራ አስኪያጁ ቤቱ ሄዶ ስልኩ ላይ የረሳው ገጽ፣ የጥገና ክፍሉ ላፕቶፕ፣ መጋዘን ያለው ታብሌት ተደማምረው ቦታውን ሲይዙት የሚባረረው ማሽኑ ፊት የቆመው ኦፕሬተር ሊሆን ይችላል። ማን እንደገባ ቁጠሩ።

በዚህ መሃል አንድ ፈተና ይመጣል። ባለሙያው ሩቅ ነው፤ አንዱ «ራውተሩ ላይ ፖርት ከፍተን በኢንተርኔት ይግባ» ይላል። አታድርጉት። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ያለው ሾዳን የተባለው መፈለጊያ ሥራው ኢንተርኔት ላይ የተጋለጡ መሣሪያዎችን መዝግቦ ማሳየት ነው። በኖቬምበር 2023 በፔንሲልቬንያ፣ አሊኩዊፓ ከተማ የውኃ ድርጅት፣ ጠላፊዎች እስራኤል ውስጥ የተሠራ የዩኒትሮኒክስ መቆጣጠሪያ ውስጥ ገብተው ስክሪኑ ላይ የራሳቸውን መልእክት አወጡ፤ ሠራተኞቹም ጣቢያውን በእጅ ማንቀሳቀስ ነበረባቸው። የአሜሪካው የሳይበር ደኅንነት ተቋም ሲሳ ያኔ ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ የእነዚህን መሣሪያዎች ከፋብሪካ የሚመጣ የይለፍ ቃል ቀይሩ ብሎ ነበር፤ ቃሉ 1111 ነበር። ከሩቅ መግባት የግድ ከሆነ በቪፒኤን ይሁን፤ ሥራው ሲያልቅም ይዘጋ።

የቀረው ሁሉም ሰው የሚቸኩልለት ሪስታርት ነው። ከመንካታችሁ በፊት ስክሪኑን በስልክ ፎቶ አንሱት፤ የአላርም ዝርዝሩንና የኤፍ12ቱን ቀይ መስመሮች ጭምር፤ ሪስታርት ካደረጋችሁ በኋላ አታገኟቸውም። ከዚያ ከላይ ወደታች ሂዱ። ብሮውዘሩን ዘግቶ መክፈት ማንንም አይጎዳም። ታብሌቱን ማጥፋትና ማብራትም እንዲሁ። ስዊቹን መንቀል ግን በዚያው ስዊች የሚነጋገሩ ሁለት ፒኤልሲዎች ካሉ ሊያቆማቸው ይችላል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ኬብሎቹ ወዴት እንደሚሄዱ ተከትላችሁ እዩ። የፒኤልሲው ብሬከር የመጨረሻው ነው፤ ኦፕሬተሩ ሳያውቅ አይነካም፤ እሱ ሲጠፋ የሚቆመው ስክሪኑ ብቻ ሳይሆን ፓምፑም ነውና።